ጨው የማይለቀው ሰደርያ

ከባሕር የወጣ ነገር ሁሉ መጀመሪያ ውሃ ይጠጣል። እታፈራሁ ሥራዋን ለሰው ስታስረዳ ከዚህ አልፋ አታውቅም። ከሰዓት በኋላ ቱሪስቶቹ ትከሻቸው በፀሐይ ቀልቶ፣ እየሳቁ፣ እግራቸው አሸዋ እንደለበሰ ሲመለሱ ካያክ የሚባሉትን ረጃጅምና ጠባብ የመቅዘፊያ ጀልባዎች ዳር ላይ ጥለዋቸው ወደ ጥላው ይሄዳሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የእሷ ነው። ጎማውን ቧንቧው ላይ ትሰካና ከአፍንጫቸው እስከ ጭራቸው ታጠጣቸዋለች፤ የዕቃ ማስቀመጫቸውን ክዳን ከፍታ ውስጣቸውን፣ ገልብጣ ሆዳቸውን፣ ከኋላ ያለችውን ትንሿን መሪ አንስታ ሽቦዋንና ብሎኗን። መቅዘፊያዎቹን ከመሃል ነቅላ ለሁለት ትለያያቸዋለች፤ ጨው መገጣጠሚያ ይወዳል፣ አንድ ሌሊት ከተዉለት ሁለቱን አንድ አድርጎ ይበይዳቸዋል። ሰዎቹ እንዳይሰምጡ የሚለብሷቸውን ብርቱካናማ ሰደርያዎች ደግሞ አንድ በአንድ በርሜል ውስጥ ነክራ ታሻቸዋለች፣ ዚፓቸውን ሻማ ትቀባለች፣ ከዚያም ፀሐይ ጨርቃቸውን እንዳይበላው ዕቃ በሚቀመጥበት የብረት ኮንቴነር ውስጥ ትሰቅላቸዋለች።

ይህን ሁሉ ያስተማራት የቦታው ባለቤት ሙሴ ያኒ ነው፤ ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ ሽማግሌ ግሪክ፣ አማርኛው ከእሷ የሚፈጥን። መቅመሱን ግን ማንም አላስተማራትም። እጥበቱን ከጨረሰች በኋላ የእያንዳንዱን ሰደርያ ብረት መቆለፊያ ወደ አፏ ታስጠጋና በምላሷ ጫፍ ትነካዋለች። ጨው ካለበት ተመልሶ በርሜል ይገባል። ከሌለበት ይሰቀላል።

«እኔ ለዚህ ሥራ የምከፍለው የውሃ ነው፣ ምራቅ ከየት መጣ?» ይላታል ሙሴ ያኒ።

«ዓይኔ ደክሟል፣ ሙሴ። ምላሴ ገና ነው።»

«እሱንማ መንደሩ ሁሉ ያውቃል፣ አቦ።»

መቅመሱ የመጣው ከልጇ ከዘቢደር ነው። እታፈራሁ ባሏ ሞቶባት ከውጫሌ ተነስታ እዚህ ጂቡቲ፣ ታጁራን አለፍ ብላ ያለች የባሕር ዳር መንደር ስትገባ ልጅቱ ገና ትንሽ ነበረች፤ ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ትውልና ማታ ጨው እንደ ዱቄት ተነስንሶባት ትመጣለች። እናትየው በቧንቧው ሥር አቁማ በጆግ ታፈስባትና አንገቷ ሥር ትስማታለች። «አለ ወይስ የለም?» ትላለች ልጅቱ እየተንከተከተች። «አለ። ገና ነሽ» ትላታለች፣ ሌላ ጆግ ታፈስባታለች። ጨው ባይኖርም አንዳንዴ አለ ትላት ነበር።

አድጋም ያው ነበረች። እግሯ ትልቅ ስለነበር የሴት ጫማ አልገባ ብሏት የዘበኛውን የሁመድን አሮጌ ሰንደል እየጎተተች ትዞራለች። እናቷ ስትጠራት ደግሞ አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው ልጅ አቤት ብላት አታውቅም። «ዘቢደርዬ» ስትላት «ወዬ» ትላለች፣ እንደ እኩያዋ። «አቤት በይ እንጂ፣ እናትሽ ነኝ።» «ወዬ፣ እማዬ።» ብትቆጣም ብትስቅም ያው ነው፤ ግትርነቱን ከማን እንደወረሰችው የሚጠፋው ሰው አልነበረም።

ከዚያ ዘቢደር ሳውዲ እገባለሁ ብላ በኦቦክ ወደብ በኩል፣ በጀልባ ሄደች። ደርሼ እደውላለሁ አለች። እናትየው ስልኩን ኔትወርክ በሚገባበት ብቸኛ ቦታ፣ በጓዳዋ በር ጎን ባለው ምስማር ላይ ሰቀለችው፣ ባትሪውንም አስጨርሳው አታውቅም።

የሚያቃጥለው የበረሃ ነፋስ ወራት መጥቶ ከሄደ በኋላ አንድ ማለዳ፣ ጎህ ገና ሲቀድ፣ በሯ ተንኳኳ። ከፈተች። ስንዱ ነበረች፤ መንደሩ ውስጥ ለሾፌሮች ምግብ የምትሸጥ፣ ከወሎ ሐይቅ የመጣች ሴት፣ የእድራቸው ሰብሳቢ፣ እዚህ አገር ካሏት ሰዎች ሁሉ የምትቀርባት። ከኋላዋ ሌሎች ሴቶች ቆመዋል። ሁሉም ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። እታፈራሁ ነጠላዎቹን አየች እንጂ ፊታቸውን አላየችም።

«እታፈራሁ፣ እህቴ፣ ቁጭ በይ» አለች ስንዱ።

«ቆሜ ይሻለኛል። ነጠላችሁን አስተካክሉና ግቡ።»

«ጀልባው ተገልብጧል። ከውስጡ የተረፈ ልጅ ነው የነገረን። ሴቶቹ ከሥር ነበሩ ነው የሚለው።»

«አስከሬኗን አይቷል?»

«ባሕር እኮ ነው እታፈራሁ፣ ምን አስከሬን…»

«እንግዲያው ልጄ መንገድ ላይ ናት» አለችና ባልዲዋን አንስታ በመካከላቸው አልፋ ወደ ሥራዋ ሄደች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አላለቀሰችም። እንባዋ እንደሌላ ሰው እንባ አልነበረም፤ አንዲት ጠብታ ከወረደች ልጇን በእጇ የቀበረቻት ይመስላት ነበር። ጥቁር አልለበሰችም፤ ዘቢደር የገዛችላትን ቢጫ ሻሿን አስራ ዋለች። ሴቶቹ መጀመሪያ አዘኑላት፣ ኋላ ተቀየሟት። ለቅሶ ያልተቀመጡለት ሰው ነፍሱ የትም እንደማያርፍ ይነግሯታል። እሷ ደግሞ በሕይወት ያለ ሰው ላይ ለቅሶ የሚቀመጥ ምን እንደሚባል ትጠይቃቸዋለች። ማታ ማታ ጓዳዋ ውስጥ፣ ፊቷን ወደ ስልኩ አዙራ ስትተኛ ብቻ፣ ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር እንደ ደረቀ መገጣጠሚያ አልላቀቅ ይላታል።

ሰደርያውን ያገኘው ሁመድ ነው። ሁመድ አፋር ነው፤ ሽማግሌ፣ ቀጭን፣ አማርኛውን ጋላፊ ድንበር ላይ ከከባድ መኪና ሾፌሮች የለቃቀመ። ባሕሩ ዳር ሲሆን ማንንም በስሙ አይጠራም፤ እሷንም «አንቺ» ነው የሚላት፣ ሙሴ ያኒንም «አንተ»። ድሮ ብልግና መስሏት ጠይቃው ነበር። «እዚህ ስም አልጠራም» አላት። «ባሕሩ ይሰማል።» ሳቀችበት። እሱ አልሳቀም።

አንድ ቀን ማለዳ ማዕበሉ ዳር ላይ ጥሎት ያገኘውን ሰደርያ በእንጨት ጫፍ አንጠልጥሎ መጣ። ትንሽ ነው። ቀለሙ ከሙሴ ያኒ ሰደርያዎች ትንሽ ይገረጣል፣ ጨርቁም ርካሽ ነው፤ መቆለፊያው ግን አልተሰበረም። ተቆልፏል። እታፈራሁ ስታየው መጀመሪያ የገረማት ይህ ነው። ከሰው ላይ የወለቀ ሰደርያ ይከፈታል እንጂ እንዴት ተቆልፎ ይወልቃል?

«መልሺና ወርውሪው» አላት ሁመድ።

«ደህና ዕቃ አይወረወርም» አለችው። ወስዳ በርሜሉ ውስጥ ነከረችው።

በዚያ ቀን ጨው አልለቀቀም። አሸችው፣ ጨመቀችው፣ ቀመሰችው፤ ጨው። ውሃውን ደፍታ ሌላ ሞላች፣ እንደገና ቀመሰችው፤ ያው ነው። ብዙ ጊዜ ባሕር ላይ ስለቆየ ነው ብላ አሳደረችው፤ ማለዳ ስትቀምሰው እንደውም ብሶበት ነበር፣ ምላሷ እስኪሰነጠቅ ድረስ። ኮንቴነሩ ውስጥ ከሁሉም ሰደርያዎች ጫፍ፣ ግድግዳው ጥግ ሰቀለችው።

ኮንቴነሩ መስኮት የለውም። በሩ ሲከፈት ቀኑን ሙሉ የታመቀው ሙቀት ፊት ላይ ይተነፍሳል፤ የጎማና የሻማ ሽታ፣ የረጠበ ጨርቅና የግሪስ ሽታ፣ በእግር እየዳበሱ ወደ ውስጥ ሲገቡ ደግሞ ዓይን እስኪለምደው ድረስ ጨለማው እንደ መጋረጃ ይነካል፣ ሰደርያዎቹም በግራና በቀኝ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው የቆሙ ጭንቅላት የሌላቸው ሰዎች ይመስላሉ። እሷ ለዓመታት የገባችበት ነው፣ ፈርታው አታውቅም። አሁንም አልፈራችም። ብቻ ወደ ጥጉ ስትቀርብ የሆነ ሌላ ሽታ ነበር፤ የዓሣ አይደለም፣ የበሰበሰ ነገርም አይደለም። ብዙ ጊዜ ሳይከፈት የቆየ እንስራ ሲከፈት የሚወጣው ዓይነት፣ ቀዝቃዛ። ከዚያ ሙቀት መካከል ቀዝቃዛ ሽታ ከየት እንደሚመጣ አልገባትም።

ቀጥሎ ዝገቱ መጣ። ከትንሹ ሰደርያ ጎን የተሰቀሉት ሌሎቹ መቆለፊያዎቻቸው ቡናማ ዝገት እያነቡ ያድራሉ፤ ሻማ የጠገበው ዚፕ በአንድ ሌሊት አረንጓዴ ያበቅላል፣ ጥርሱ እርስ በርሱ ተያይዞ ይጠብቃታል። ሙሴ ያኒ አይዝግም ተብሎ ከውጭ ያስመጣውን የመሪ ሽቦ በጣቶቹ ሲነካው እንደ ደረቅ ሣር ተበጠሰ።

«እታፈራሁ፣ ሰሞኑን እጥበቱን እያሳለፍሽ ነው እንዴ?» አላት። አልተቆጣም፤ ያሳዘናትም አለመቆጣቱ ነው። «ብትፈልጊ እረፊ። ምንም አልልሽም። ሰው ነሽ።»

«ሥራዬን አላሳለፍኩም።»

«አውቃለሁ። እኔ ያልኩት—»

«ምን ማለት እንደፈለግህ አውቃለሁ። ልጄ መንገድ ላይ ናት» አለችው፤ የተበጠሰውን ሽቦ ከእጁ ተቀብላ ወጣች።

ሰደርያዎቹን ዕለት ዕለት ሁለቴ ማጠብ ጀመረች። ትንሹን ለብቻው፣ በሌላ ሳፋ። አንድ ጠዋት አጥባው ስትጨምቀው መቆለፊያው ሥር የተያዘ ፀጉር አገኘች፤ የሹሩባ ጫፍ፣ ቀጭን፣ ቀይ ክር የተገመደበት። በእርጥብ መዳፏ ላይ አስተኝታ ብዙ አየችው። ዘቢደር ክር አስገብታ ተሠርታ አታውቅም። መንገድ ላይ ተሠርታ ሊሆን ይችላል። ይህን ማሰቧን ስታውቅ ደነገጠች፤ ሰደርያውን የልጄ ነው ብላ የማታውቅ ሴት ስለ ሹሩባው ምን ያሳስባታል? ፀጉሩን ጣለችው። ኋላ ተመልሳ ፈለገችው፣ አላገኘችውም።

ከዚያ በኋላ ማለዳ ማለዳ ስትከፍት የኮንቴነሩ ወለል ላይ ነጭ ነገር ማየት ጀመረች። መጀመሪያ የሻማ ፍርፋሪ መሰላት። ጎንበስ ብላ በጣቷ ነካችው፣ ቀመሰችው፤ ጨው ነበር። ውሃው ደርቆ የተወው የእግር ቅርጽ፣ ጣቶቹ ሁሉ የሚታዩ፣ ከጥጉ ተነስቶ እስከ በሩ። በሩ ከውጭ ተቆልፎ ነው ያደረው። የበሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ ደግሞ፣ ዝቅ ብሎ፣ ወገቧ አካባቢ፣ የመዳፍ ቅርጽ ያለው ዝገት ነበር። ከበሩ ውጭ እርምጃው ይቀጥላል፤ ሲሚንቶው ላይ አልፎ ወደ ቧንቧው ይሄዳል። እዚያ ያልቃል። ቧንቧው ጠብ… ጠብ… ይላል፤ ማታ ጥርቅም አድርጋ ነበር የዘጋችው።

እግሩ ትንሽ ነበር። ይህንን አየች። የራሷን እግር አጠገቡ አስቀምጣ አየችው፤ ከእሷም ያነሰ ነው፣ የሁመድን ሰንደል ይሞላ ከነበረው እግር ጋር የሚገናኝ አይደለም። አየችና በጎማው ውሃ አጥባ አጠፋችው፤ ውሃ ውስጥ የቆየ ነገር ይኮማተራል አለች ለራሷ፣ ጨርቅም ይኮማተራል።

ያን ዕለት ማታ፣ ሥራዋን ጨርሳ ኮንቴነሩን ከመዝጋቷ በፊት፣ ምን እንደምታደርግ ሳታስበው፣ ጆግ ሙሉ የቧንቧ ውሃ ሰደርያው ሥር ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ማንንም አልጠራችም። ቆለፈችና ሄደች። ከባሕር የወጣ ነገር ሁሉ መጀመሪያ ውሃ ይጠጣል።

ማለዳ ጆጉ ሞልቶ አገኘችው። እንደነበረ ነው ብላ ልትደፋው ስታነሳው ከበደባት፤ ትናንት ከአፉ ጎደል አድርጋ ነበር የተወችው፣ አሁን እስከ ጠርዙ ሞልቶ፣ ውሃው ከጠርዙ በላይ ተነፍቶ ቆሟል። ጣቷን ነክራ ቀመሰች። ባሕር ነው። የጠጣውን ጠጥቶ፣ የሰጠውን ሰጥቶ ሄዷል። እታፈራሁ ጆጉን እንደያዘች እዚያው ጨለማው ውስጥ ቁጭ አለች፤ ብረቱ በፀሐይ መሞቅ ሲጀምር ጣሪያው ቋ… ቋ… ይላል፣ ከጥጉ ደግሞ ሰደርያው ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል፣ ቀስ ብሎ፣ እንደሚያመነታ ሰው። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ደክሟት አያውቅም።

ወደ ስንዱ ቤት ሄደች። ምሳ ሰዓት ነበር፤ ሾፌሮቹ ሰሃን ላይ አጎንብሰዋል፣ ስንዱ ድስት እያማሰለች ነበር። እታፈራሁ ከበሩ ሳታልፍ ሁሉንም ነገረቻት፤ ጨዉን፣ ዝገቱን፣ ጆጉን። ስለ እግሩ ማነስና ስለ ቀዩ ክር ግን አልነገረቻትም። ስንዱ ማማሰያውን አስቀመጠች።

«ጠምቷታል» አለች።

እታፈራሁ የቢጫ ሻሿን ቋጠሮ አጠበቀች።

«አንቺ በሯን ዘግተሽባት ነው የምትመላለሰው። የት ትረፍ? ያላለቀሱለት ሰው የት ይገባል? ልጅሽ ልቀቂኝ እያለችሽ ነው፣ እታፈራሁ፣ አንቺ ግን እንደ ድንጋይ…» ስንዱ ራሷ ማልቀስ ጀመረች። «እባክሽ። ለእኔ ብለሽ አይደለም።»

ከሾፌሮቹ አንዱ መብላቱን አቁሞ ባርኔጣውን አወለቀ። እታፈራሁን የሰበራት እሱ ይሆናል። ቢጫውን ሻሽ ከራሷ ላይ ፈታች፤ ምን እንደምታደርገው እንደጠፋባት ሰው በእጇ ጠቅልላ ያዘችው።

«ጥቁር ነጠላ የለኝም» አለች።

«እኔ አለኝ» አለች ስንዱ።

ለቅሶው እንደ ደንቡ ሆነ። አስከሬን ያልተገኘለት ሰው ልብሱ ወጥቶ ይለቀስበታል፤ ፎቶው ይያዛል፣ ቀሚሱ ይዘረጋል፣ ጫማው ይደረደራል። እታፈራሁ ግን ልብሱ ብቻ አልበቃ አላት። ግትርነቷ አሁንም ነበር፣ መንገዱን ብቻ ነው የቀየረው። ካለቀስኩ አይቀር፣ ያለ ገላ አላለቅስም አለች። ሰደርያውን ከተሰቀለበት አውርዳ በእጆቿ እንደ ሕፃን አቅፋ ከኮንቴነሩ ስታወጣው ሁመድ መንገድ ላይ ቆመባት።

«ወዴት ነው?»

«ቤቴ።»

«እሺ፣ አልቅሺ። ስም ግን አትጥሪ። አንቺ፣ ስሚኝ፣ ስም አትስጪው።»

«ስም አለው» አለችው። «ዘቢደር ነው ስሙ።» ባሕሩ ዳር፣ ጮክ ብላ። ሁመድ ፊቱን አዞረ።

ጓዳዋ ውስጥ፣ ሴቶቹ ከመምጣታቸው በፊት፣ ብቻዋን፣ እንደሚገነዝ ሰው አጠበችው። ትልቁ ሳፋ ውስጥ አስተኝታ በቧንቧ ውሃ፣ በጆግ፣ ከትከሻው ጀምራ። ዚፑን ሻማ ቀባችው። ልትከፍተው የሞከረችው መቆለፊያ አልከፈት ስላላት ተወችው። ስታጥበው ስሙን ጠራችው፤ ዘቢደርዬ፣ ልጄ፣ ዘቢደርዬ። እንዳይበርዳት ብላ በትንሽ በትንሹ ታፈስባት ነበር። እንባዋ የመጣው ያኔ ነው፤ ስንት ጊዜ ታምቆ የቆየ፣ ከዓይኗ ሳይሆን ከሆዷ የሚነሳ ዓይነት፣ ድምፅ የሌለው፣ አገጯ ላይ እየተጠራቀመ ሰደርያው ላይ የሚወርድ። አለቀሰች፣ አጠበች፣ ሁለቱ ተቀላቀሉ። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ የልጅ አንገት ሥር ቢሆን ኖሮ በሚሆንበት ቦታ፣ ሳመችው።

ጨው የለም።

«የለም» አለች። «ጨርሰሻል፣ ልጄ። ጨርሰሻል።»

አደረቀችው፤ የዘቢደርን ሰማያዊ ቀሚስ አለበሰችው፣ ቀሚሱ ረዘመበት፣ ከታች አጠፍ አድርጋ ዘቢደር ትተኛበት በነበረው አልጋ ላይ አስተኛችው። ሴቶቹ ገቡ። ደረት ተመታ፣ ሙሾ ወረደ፣ ስንዱ ድምጿ እስኪዘጋ ስሟን እየጠራች አለቀሰች፣ የመጣ ሰው ሁሉ ዘቢደር ዘቢደር እያለ ገባ፣ ዘቢደር ዘቢደር እያለ ወጣ። ሙሴ ያኒም መጥቶ እንደ ድሬዳዋ ሰው መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ወፍራም እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ አለቀሰ። ሁመድ ብቻ አልመጣም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ጸጥ አለ። ኮንቴነሩ ውስጥ ዝገት የለም። ዚፖቹ እንደ ቅቤ ይሄዳሉ። ማለዳ ስትከፍተው የሚወጣው የጎማና የሻማ ሽታ ብቻ ነው፣ ጥጉም እንደ ሌላው ጥግ ሙቅ ነው። ሥራዋን ትሠራለች፣ ትቀምሳለች፣ ትሰቅላለች። ጥቁር ለብሳ ስትመለስ ጓዳዋ ቀዝቀዝ ብሎ ይጠብቃታል፤ በዚያ የቆርቆሮ ቤት፣ በዚያ ሙቀት፣ ይህ በረከት መሰላት። ማታ ከአልጋው አጠገብ ጆግ ሙሉ ውሃ ታስቀምጣለች። ማለዳ ጆጉ ባዶ ነው። ባሕር ሞልቶበት አያውቅም፤ ባዶ ብቻ፣ እስከ ታችኛዋ ጠብታ። ደስ ይላታል ማለት አይቻልም፤ ግን የሚጠጣላት ሰው አላት።

አንዳንድ ነገር ታይ ነበር። ፍራሹ በመሃል እየጎደጎደ ሄደ፣ ሰደርያ ብቻውን ሊያጎደጉደው በማይችለው ልክ። አጥፋ ያስተኛችው የቀሚሱ ጠርዝ ማለዳ ተዘርግቶ፣ ረጥቦ ታገኘዋለች። ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጋ የተወችው ነገር ስትመለስ ወደ እሷ አልጋ ዞሮ ይቆያል። እያንዳንዱን አየች፣ እያንዳንዱን በልቧ አስተካክላ አስቀመጠች፤ እናት ልጇ ተንቀሳቀሰች ብላ ከቤቷ አትወጣም። መኝታ ላይ ስትሆን፣ መብራቱን ካጠፋች በኋላ፣ ጸሎቷን ጨርሳ «ዘቢደርዬ፣ ደህና እደሪ» ትላታለች። መልስ ጠብቃ አይደለም። ልማድ ነው።

አንድ ቀን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከሥራ ገባች። ባሕሩ ከኋላዋ መዳብ መስሏል፤ ነፋስ የለም፣ ካያኮቹ ታጥበው ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ተደርድረዋል። ጥቁር ነጠላዋን አውልቃ ምስማር ላይ ልትሰቅል እጇን ስታነሳ ስልኩ ጮኸ። እዚያው፣ በር ጎን። ቁጥሩ ረጅምና የማታውቀው ነው። ልትተወው ነበር፤ ለቅሶ ለመድረስ ያልቻለ ዘመድ መሰላት፣ እሱን ማጽናናት ደከማት። አነሳችው።

ጩኸት፣ የሰው ግርግር፣ አንድ የዓረብኛ ድምፅ። ከዚያ፦

«እማዬ?»

እታፈራሁ ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ። ኧረ ትሰሚኛለሽ? ስልኩ የሰው ነው፣ ቶሎ ልንገርሽ። ደህና ነኝ። በሌላኛው ጀልባ ነው የተሻገርኩት፣ ያ የተገለበጠው ሞልቶ ነበር፣ ለአንዲት ትንሽ ልጅ ቦታዬን ሰጥቻት ነው። ብቻዋን ነበረች፣ እናትም የላት፣ ሰደርያዬንም ለእሷ ነው የሰጠኋት። ከዚያ እስር ቤት አስገቡን፣ ስልክ የሚባል የለም፣ ዛሬ ነው የለቀቁን። እማዬ? ታለቅሻለሽ እንዴ? አታልቅሺ እንጂ። እግሬ እንኳ አልቀነሰም ብዬሻለሁ፣ እዚህም ጫማ አጣሁ።»

ሳቀች። ሳቋ ያው ነው። እታፈራሁ በሩን ተደግፋ ቆመች። ትክክል ነበረች። ከሁሉም ሰው ትክክል እሷ ነበረች፣ ከስንዱ፣ ከሴቶቹ፣ ከሙሴ፣ መጨረሻ ላይ ከራሷም። ልጇ መንገድ ላይ ነበረች። ደስታው ደረቷን ሲሰነጥቀው ተሰማት፤ ከደስታው ሥር ደግሞ ሌላ ነገር፣ ቀዝቃዛ፣ በቀስታ እንደሚከፈት እንስራ። ቀጭን ሹሩባ፣ ቀይ ክር። ከእሷ እግር ያነሰ እግር።

መስመሩ ይቆራረጥ ጀመር። «ሃሎ? ሃሎ? እማዬ፣ ጠፋሽብኝ እኮ።»

መናገር ነበረባት። አንድ ቃል ብቻ፣ እንዳትዘጋባት። ሁልጊዜ በሩ ላይ ቆማ እንደምትጠራት፣ በዚያው ድምፅ ጠራቻት።

«ዘቢደርዬ» አለች።

«ወዬ፣ እማዬ» አለች ዘቢደር በስልኩ ውስጥ እየሳቀች፤ «አቤት፣ እማዬ» አለ ደግሞ ከኋላዋ፣ ከአልጋው ላይ፣ ከዚያ ሁሉ ውሃ በኋላም ጉሮሮው ያልረጠበለት ቀጭን የልጅ ድምፅ።